ጨርቁ አይሸውዳችሁ፣ ገመዱን እዩ፦ የፓራግላይደር ፍተሻና አያያዝ

ያገለገለ ፓራግላይደር (ሰው በገመዶች ተንጠልጥሎ የሚበርበት የጨርቅ ክንፍ) ሲፈተሽ የሁሉም ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነው። ቀለሙ አልደበዘዘም፣ ቀዳዳ የለውም፣ በቃ ደህና ነው ይባላል። በዘመናዊ ክንፎች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ገመዱ ነው። ክፋቱ ደግሞ ብልሽቱ በዓይን አለመታየቱ። ስለዚህ ከገመዱ እንጀምር።

የገመዱ ውስጠኛ ክር በአብዛኛው ወይ አራሚድ ነው ወይ ዳይኒማ። ኬቭላርና ቴክኖራ ሲባል ከሰማችሁ አራሚድ ናቸው። አራሚድ ርዝመቱን በደንብ ይጠብቃል፤ ተደጋግሞ መታጠፍና ፀሐይ ግን ጠላቶቹ ናቸው። ዳይኒማ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ቢውል ግድ የለውም። የእሱ ችግር በቂ ጭነት ካላገኘ እያጠረ መሄዱ ነው፣ በተለይ ረጥቦ ሲደርቅ። ሙቀትም አይወድም፤ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል።

ማጠሩ ምን ያመጣል? ክብደታችሁን በብዛት የሚሸከሙት የፊት ገመዶች፣ ማለትም ከፊት ጀምሮ ኤ እና ቢ የሚባሉት ረድፎች ናቸው። የኋላዎቹ ቀለል ያለ ጭነት ነው ያለባቸው። እናም ከጊዜ ብዛት የፊቶቹ ባሉበት ይቆያሉ ወይም ትንሽ ይለጠጣሉ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ያጥራሉ፣ በዚህ መሃል የክንፉ አፍንጫ ቀና እያለ፣ ፍጥነቱ እየቀነሰ፣ ስቶል የሚያደርግበት (መብረር የሚያቆምበት) ነጥብ ሳይታወቃችሁ እየቀረበ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ ጥቂት ሴንቲሜትር ልዩነት ይበቃል።

ክንፉ ራሱ ምልክት ይሰጣል። ስታነሱት ከራሳችሁ በላይ መጥቶ ከመቆም ይልቅ ከኋላ ይንጠለጠላል። ቢግ ኢርስ (ቶሎ ለመውረድ የክንፉን ሁለት ጫፎች ማጠፍ) ስትለቁ ለመከፈት ይሰንፋል። ከቢ ስቶል (የቢ ገመዶችን ስቦ መውረድ) ሲወጣ ወደ ፊት ለመሄድ ያመነታል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ «ዛሬ ነፋሱ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በረራ ላይ እያላችሁ የፊት ንፋሱ ጠፍቶ ክንፉ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ወደ ታች መውረድ ከጀመረ፣ ብሬኩን (የክንፉን የኋላ ጠርዝ የሚስበውን የእጅ መቆጣጠሪያ) ሙሉ ለሙሉ ልቀቁና ስፒድ ባሩን (በእግር የሚገፋውን የፍጥነት ዘንግ) ግፉ። መሬት ከረገጣችሁ በኋላ ገመዱ እስኪለካ ድረስ ያ ክንፍ አይነሳም።

ልኬቱን ለሙያተኛ ስጡት። ወርክሾፑ እያንዳንዱን ገመድ በተወሰነ ኃይል ወጥሮ፣ ብዙ ጊዜ በሌዘር፣ ይለካና ከአምራቹ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያየዋል። ያጠረውን ወይም የረዘመውን ራይዘሩ (ገመዶቹን ከመቀመጫው ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያ) ላይ ባለው ማያያዣ ቀለበት የገመዱን ዙር በመጨመር ወይም በመቀነስ ያስተካክለዋል። ጥሩ ወርክሾፕ ከመሃል አንድ የኤ ገመድ አውጥቶ እስኪበጠስ በመሳብ ስንት ኪሎ እንደሚችል ይፈትናል፣ በቦታውም አዲስ ይተካል። በግምት «እኔ ላስተካክለው» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት የጣት ሥራ ነው። ክንፉን ዘርጉ፣ እያንዳንዱን ገመድ ከራይዘሩ ጀምራችሁ እስከ ጨርቁ በሁለት ጣት መሃል አሳልፉት። ያበጠ፣ የቀጠነ፣ የደረቀ ወይም ሽፋኑ ተልጦ ውስጡ የሚታይ ቦታ ካለ ገመዱ ይቀየራል። ቋጠሮ መፍትሔ አይደለም። ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭን ገመዶች ያሉት ክንፍ ካላችሁ ይህን ደጋግማችሁ አድርጉ። የብሬክ ገመድ ብቻውን ትኩረት ይፈልጋል፤ ፑሊው (ትንሹ መዘውር) ውስጥ ሲመላለስ የሚውለው እሱ ነው። እጃችሁ ሙሉ ለሙሉ ወደ ላይ ሲሆን ብሬኩ የኋላውን ጠርዝ መሳብ የለበትም።

ወደ ጨርቁ እንምጣ። ጨርቁ ሽፋን የተቀባ ናይለን ነው፤ አየር እንዳያሳልፍ የሚያደርገው ያ ሽፋን ነው። የሚበላው ደግሞ ፀሐይና አሸዋ። ወርክሾፕ ውስጥ የተወሰነ መጠን ያለው አየር በጨርቁ ለማለፍ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት ይለካል፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ ቁጥር ጨርቁ አርጅቷል ማለት ነው። መሬት ላይ ክንፍ ማንሳትና መቆጣጠር የምትለማመዱ ከሆነ ያንንም ሰዓት ቁጠሩት፣ ምክንያቱም ጨርቁን ከበረራ በላይ የሚያደክመው እሱ ነው።

ትንሽ ቀዳዳን ራሱ በሚጣበቅ ሪፕስቶፕ (በቀላሉ የማይተረተር ጨርቅ) መድፈን ይቻላል። ቦታው ደረቅና ንጹህ ይሁን፣ የቁራጩን ጠርዝ አክብቡት፣ ከውስጥም ከውጭም ለጥፉ። ቅዳዱ ስፌት ላይ ወይም ገመድ የሚታሰርበት ቦታ አጠገብ ከሆነ አትንኩት፣ ወደ ሙያተኛ ይሂድ።

ጽዳቱ ውሃና ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ ነው። ሳሙና የለም፣ መፈግፈግ የለም። የባህር ውሃ ከነካው በንጹህ ውሃ አለቅልቃችሁ ጥላ ስር አድርቁት። እርጥብ ክንፍ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሻጋታ መጋበዝ ነው። ከመታጠፉ በፊትም አሸዋና ነፍሳት አራግፉ፤ ታጥፎበት የቀረ ፌንጣ ጨርቅ በልቶ ይወጣል፣ ቀልድ አይደለም። የአሁኖቹ ክንፎች ፊታቸው ላይ የፕላስቲክ ዘንግ ስላላቸው የፊት ጠርዙን ሴል በሴል (አንዱን የክንፉን ክፍል በሌላው ላይ) እያደራረባችሁ፣ ሳታጣምሙ እጠፉት። አጥብቃችሁ አትጭመቁት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ መተውም ክፉ ልማድ ነው።

ማያያዣዎቹ አጭር ሥራ ናቸው። የራይዘር ቀለበቶቹ ብሎን መጥበቁን፣ ዝገት አለመኖሩን እዩ። የአሉሚኒየም ካራቢነር (ራይዘሩን ከሃርነሱ፣ ማለትም ከመቀመጫው ጋር የሚያገናኘው መንጠቆ) ግን ምንም ስንጥቅ ሳይታይበት ሊደክም ስለሚችል አምራቹ የጻፈው ዕድሜ ሲያልቅ፣ ያብረቀርቃል ብላችሁ አታቆዩት።

መጠባበቂያ ፓራሹቱ የተረሳ ልጅ ነው። አምራቹ በሚለው ጊዜ፣ በተለምዶ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ውስጥ፣ ተከፍቶ አየር አግኝቶ እንደገና ይታጠፋል። ከመታጠፉ በፊት ሃርነሱ ላይ ተንጠልጥላችሁ እጀታውን ስቡ። በቀላሉ ካልወጣ ፓራሹቱ ለሃርነሱ ኪስ አይስማማ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ማወቅ ያለባችሁ መሬት ላይ እያላችሁ ነው። ከእያንዳንዱ በረራ በፊትም የፓራሹቱን ኪስ የሚዘጋው ፒን በቦታው መሆኑን ተመልከቱ።

ሙሉ ፍተሻ መቼ? ማኑዋሉ ይነግራችኋል። ብዙ አምራቾች 2 ዓመት ወይም 100 ሰዓት፣ ቀድሞ የደረሰው፣ ይላሉ። ያገለገለ ክንፍ ስትገዙ «ተፈትሿል» የሚል ማህተም ብቻ አትቀበሉ፤ የገመዶቹ ልኬትና የጨርቁ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቁ። ክንፉ ከወርክሾፕ ሲመለስም መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀላል ነፋስ ባለበት አንሱት። ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ፣ ወይም የኋላ ገመዶቹ ሲስተካከሉ የብሬኩ ርዝመት ሳይስተካከል ቀርቶ ብሬኩን ሳትይዙት የኋላውን ጠርዝ የሚስብ ከሆነ፣ ወደ ኮረብታ ሳትወጡ መልሱላቸው።