የክሬፕ ወረቀት አበባችሁ ለምን እውነተኛ አልመሰለም? ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ክሬፕ ወረቀት እንደ ጨርቅ አቅጣጫ አለው። በአንድ በኩል ስትስቡት ይለጠጣል፤ በሌላ በኩል ስትስቡት ንቅንቅ አይልም። ይህን የሚወስኑት ላዩ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ሽብሽቦች ናቸው። ሽብሽቦቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ወረቀቱ የሚለጠጠው ወደ ጎን ነው።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። «እጄ ለዚህ ሥራ አይሆንም» ብለው የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። የሠሩትን አበባ ተቀብዬ ሳየው ችግሩ እጃቸው ላይ አልነበረም። ወረቀቱን በማይለጠጥበት በኩል ቆርጠውታል፣ በቃ። ስለዚህ ከታች የትኛውም ችግር ቢገጥማችሁ መጀመሪያ የሽብሽቡን አቅጣጫ እዩ። ወደ ሌላው ምክንያት የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ደግሞ እንዳንደናገር፦ የአበባውን ባለቀለም ክፍል «ፔታል» እላለሁ። «ቅጠል» ስል ዘንጉ ላይ ያለውን አረንጓዴውን ነው።

ፔታሉ ጎድጎድ አልል ይላል፣ ሲብስም ይቀደዳል

የጽጌረዳ ፔታል ዝርግ አይደለም። ማንኪያ ነው የሚመስለው። ይህን ቅርጽ ለማምጣት መሃሉን በሁለት አውራ ጣት ይዘን ቀስ እያልን ወደ ጎን እንለጥጠዋለን። ሽብሽቡ ከፔታሉ ስር ወደ ጫፉ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ግን የሚለጠጥ ነገር የለም። ስትጫኑት ይቀደዳል።

መፍትሄው ቀላል ነው። የፔታሉን ቅርጽ ካርቶን ላይ ቁረጡና ከስር ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ሣሉበት። ቀስቱና ሽብሽቡ በአንድ አቅጣጫ መሄዳቸውን ሳታዩ መቀስ አታንሱ።

አቅጣጫው ትክክል ሆኖም የሚቀደድ ከሆነ ምናልባት ወረቀቱ ስስ ነው። በየጽህፈት መሳሪያ መደብሩ ለልደት ማስጌጫ የሚሸጠው ክሬፕ ብዙ አይለጠጥም። የጣሊያኑ ባለ 180 ግራም ክሬፕ ግን ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። ለጽጌረዳ እሱን የሚያህል የለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሁለት ጥቅል አስመጡ፤ ብዙ አይከብድም፣ ብዙ አበባም ይወጣዋል። ወረቀቱ ወፍራም ሆኖ ከተቀደደ ደግሞ ጠርዙን አብራችሁ እየሳባችሁ ነው። ዙሪያውን ግማሽ ሴንቲ ያህል ሳትነኩ መሃሉን ብቻ ለጥጡ።

ሲሠራ ያምራል፣ ከሳምንት በኋላ ይዘናፈላል

ክረምት ላይ ይህ በጣም ያጋጥማል። ወረቀት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። እርጥበት የጠጣ ክሬፕ ሽብሽቡ ይላላል፣ የሰጣችሁትም ቅርጽ አብሮ ይፈታል። ስስ ወረቀት ሲሆን ይብሳል። እስከ መጨረሻው የተለጠጠ ፔታልም እንደዚሁ ነው፤ ሽብሽቡ ካለቀ ደግፎ የሚይዘው ነገር አይኖርም።

ስስ ወረቀት ብቻ ካላችሁ ሁለቱን አንድ አድርጓቸው። አንዱ ላይ አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሌላውን ከላይ አልብሱትና በእጃችሁ ዳብሱት። የሁለቱም ሽብሽብ ወደ አንድ አቅጣጫ መሆን አለበት። አንዱን ካገደማችሁት በየትኛውም በኩል የማይለጠጥ ካርቶን ነው የሚሆንባችሁ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ትንሽ እርጥበት እያለው፣ ፔታሉን ቆርጣችሁ ጎድጎድ አድርጉት። ኮላው ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ጨርሶ ከደረቀ በኋላ ከሞከራችሁት ይሰነጠቃል።

የተዘናፈለውን አበባ አትጣሉት። ደረቅ ቀን ጠብቁና ፔታሎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣት እንደገና ቅረጹ። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ቀለሙ ይለቃል፣ ኮላ የነካው ቦታም ነጠብጣብ ይሠራል

የክሬፕ ቀለም ውሃ አይችልም። ቀይና ወይን ጠጅ በተለይ አደገኛ ናቸው።

ይህን የተማርኩት የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ቀይ የወረቀት ጽጌረዳዎቼን ከትኩስ አበባ ጋር ቀላቅዬ ጠረጴዛ ላይ አደረግኋቸው። ትኩሱ አበባ ውሃ ተረጭቶበት ነበር። እንግዳ ከመግባቱ በፊት ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ቀይ ውሃ ፈሶ አገኘሁት። ሌላ ልብስ ፍለጋ የተሯሯጥነው እስካሁን አይረሳኝም። የወረቀት አበባና ውሃ የነካው አበባ አንድ ማስቀመጫ ውስጥ አይገቡም።

ኮላውም ውሃ ነው። ከጠርሙሱ በቀጥታ አታፍሱት። በስቴኪኒ ጫፍ ትንሽ አንሱና የፔታሉን ስር ብቻ፣ ወደ 3 ሚሊሜትር ያህል፣ ንኩ። የሚቀጥለው ፔታል ስለሚሸፍነው ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ቀጭን ኮላ ከገዛችሁ ክፍት አድርጋችሁ ትንሽ አቆዩት፤ ወፈር ሲል ወረቀቱ ውስጥ አይሰርግም። ነጠብጣቡ ከወጣ በኋላ ማጥፋት አይቻልም። ያንን ፔታል ወደ ውስጥ አዙሩት።

«ያምራል፣ ግን ያስታውቃል»

ይህን አስተያየት የማይሰማ ጀማሪ የለም። እኔም ከሁሉ የምወደው ችግር ይህ ነው፤ ምክንያቱም መፍትሄው አበባን በደንብ ማየት ነው።

አንድ ትኩስ ጽጌረዳ ግዙ። የሆለታና የባቱ ጽጌረዳ አውሮፓ ድረስ በሚሄድበት አገር ቁጭ ብሎ ከስልክ ፎቶ መሥራት ያስቆጨኛል። አበባውን ከውጭ ወደ ውስጥ ፔታል በፔታል ንቀሉትና በቅደም ተከተል ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሩት። ከዚያ እዩት። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። የመሃሎቹ ጠበብ ብለው የተጠቀለሉ ናቸው። የውጮቹ ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ጠርዛቸውም ወደ ኋላ ታጥፏል። የቀዩ ጽጌረዳ ፔታል እንኳ ስሩ ጋ ፈዘዝ ይላል። አንዱ ጠርዙ ላይ ተልጧል፣ አንዱ ጠቆር ያለ መስመር አለበት።

እኛ ደግሞ ሃያ ፔታል በአንድ ካርቶን፣ ከአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀለም እንቆርጣለን። የሚያስታውቀው ይሄ ነው።

ቢያንስ ሦስት መጠን አዘጋጁ። እኔ ለአንድ ጽጌረዳ 5 ትናንሽ፣ 8 መካከለኛና 10 ትልልቅ ፔታል እቆርጣለሁ። ትናንሾቹ እንደ እንባ ጠብታ፣ ትልልቆቹ እንደ ልብ ቅርጽ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አምስት አጥብቄ እጠቀልላለሁ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፔታል ከስሩ ያሉት ሁለት ፔታሎች የሚገናኙበትን ክፍተት እንዲሸፍን አደርጋለሁ። ፔታል በፔታል ላይ ልክ ለልክ ከተደራረበ አበባው ከላይ ሲታይ ኮከብ ይሆናል።

የውጮቹን ጠርዝ በእርሳስ ጠቅልላችሁ ወደ ኋላ አዙሩ። ግራና ቀኙን አንድ ዓይነት አታድርጉት። አንዱን ጎን ብዙ፣ ሌላውን ትንሽ።

ቀለሙ ላይ ሶፍት ፓስቴል የሚባለውን የሥዕል ጠመኔ ተጠቀሙ። በምላጭ ፋቁና ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ አንሱ። ስሩ ላይ ፈዛዛ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ጠርዙ ላይ ከወረቀቱ አንድ ደረጃ የጠቆረ ቀለም። ይህን ፔታሉን ከማጣበቃችሁ በፊት ሥሩ፤ በኋላ ብሩሹ ውስጥ ድረስ አይገባም። ነጭ አበባ ስትሠሩ ደግሞ የወረቀቱ ንጣት ዓይን ይወጋል። ወፈር ያለ ቀዝቃዛ ሻይ በብሩሽ በጣም ትንሽ ንኩበት፤ የክሬም መልክ ይይዛል። እንዳትነክሩት ብቻ፣ ሽብሽቡ ይፈታል።

ሰዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። ከጽጌረዳ ስር አምስት ቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠሎች አሉ። እነሱን ስትጨምሩ አበባው ድንገት ነፍስ ይዘራል።

አበባው አንገቱን ይደፋል ወይም ከዘንጉ ይወልቃል

ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይም ጫፉ አልታጠፈም። የሽቦ ቁጥር ሲጨምር ሽቦው እየቀጠነ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል። ለጽጌረዳ ዘንግ 18 ቁጥር፣ ለቅጠል ከ22 እስከ 26 ይሆናል። 18 ቁጥር ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህን ካጣችሁ ፌሮ የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ መጠቀም ይቻላል፤ ልፍስፍስ ስለሆነ ግን ሁለት አድርጋችሁ ጠምዝዙት።

ከመጀመራችሁ በፊት የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ እንደ መንጠቆ እጠፉት። የመጀመሪያው ፔታል መንጠቆውን ይያዝ። ቀጥ ያለ ሽቦ ላይ የተጣበቀ አበባ ተንሸራትቶ መውጣቱ አይቀርም።

ዘንጉን የምንጠቀልልበት አረንጓዴው ቴፕ አይጣበቅም

እንደ ፕላስተር ሙጫ ያለው አይደለም። ሰም የነካው ወረቀት ነው፤ የሚጣበቀው ሲለጠጥ ብቻ ነው። እየሳባችሁ ጠቅልሉት።

ቅጠሉ የወረቀት ቁራጭ ይመስላል

እዚህም ሽብሽቡ ነው። በእውነተኛ ቅጠል ላይ ደም ስሮቹ ከመሃሉ መስመር ተነስተው ግራና ቀኝ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ከአንድ ወረቀት ቀጥታ የተቆረጠ ቅጠል ላይ ግን ሽብሽቡ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ዓይናችን ምክንያቱን ባያውቅም ይጠራጠራል።

አረንጓዴ ክሬፕ 10 ሴንቲ በ10 ሴንቲ ቁረጡ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ለሁለት ክፈሉት። ሁለት ሦስት ማዕዘን ይኖራችኋል። አንዱን ገልብጡትና ረጅሙን ጎን ከረጅሙ ጎን ጋር አገናኙ። አሁን ሽብሽቦቹ መሃል ላይ ተገናኝተው እንደ ዓሣ አጥንት ይሆናሉ። ጠርዙን በኮላ ትንሽ ደርባችሁ ቀጭን ሽቦ መሃሉ ላይ ቅበሩበት። ሲደርቅ ሽብሽቦቹ ከመሃሉ ተነስተው ወደ ቅጠሉ ጫፍ እንዲሄዱ አድርጋችሁ የቅጠሉን ቅርጽ ቁረጡ። የጽጌረዳ ቅጠል ጠርዙ እንደ መጋዝ የተጠረበ ነው። ደግሞ ብቻውን አይቆምም፤ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 7 ሆነው፣ አንዱ ጫፍ ላይ፣ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት።

ቀለሙ ይነጣል

ፀሐይ ነው። ከመስኮት አርቁት። የነጣው አይመለስም፤ በፓስቴል መደጎም ይቻላል። አቧራውን በፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ አየር አራግፉ።

የአደይ አበባው መሃል እንደ ብሩሽ ቆሞ ይቀራል ወይም ይበተናል

ስስ ክሬፕ ብቻ ላለው ሰው በአደይ አበባ ጀምሩ እላለሁ። ፔታሉ ዝርግ ስለሆነ ብዙ መለጠጥ አይፈልግም። ቢጫው የልደት ወረቀት ይበቃዋል። ትኩሱ ደግሞ መስከረም አልፎ ብዙም ሳይቆይ ከሜዳው ይጠፋል። ጥር ላይ ሠርጓን የምታደርግ ሙሽራ አደይ ከፈለገች ወረቀት ነው ያላት።

አስቸጋሪው መሃሉ ነው። ብዙዎች ቢጫ ወረቀት ጠቅልለው ኳስ ያደርጉታል። አደይ ግን መሃሉ ላይ በጣም ብዙ ጥቃቅን አበባዎች ተጠጋግተው ነው ያሉት። ስለዚህ ከፔታሉ ጠቆር ያለ ቢጫ ክሬፕ፣ ቁመቱ 2 ሴንቲ፣ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ቁረጡ። ሽብሽቡ በቁመቱ ይሁን። ከላይ ወደ ታች እስከ ቁመቱ ሁለት ሦስተኛ ድረስ እንደ ዘርፍ ቀጭን ቀጭን አድርጋችሁ ክተፉት። መቀሱ ከሽብሽቡ ጋር እኩል መሄድ አለበት፤ አግድም ከቆረጣችሁት ክሮቹ ይበጣጠሳሉ። ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከወረዳችሁ ደግሞ ስሩ የሚይዘው አጥቶ ይበተናል።

በሽቦው መንጠቆ ላይ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። በየዙሩ ስሩን ብቻ ኮላ አስነኩ። ሲደርቅ የላዩን ጫፍ በመቀስ አስተካክሉና የውጩን ዙር በጣታችሁ ወደ ጎን በተን አድርጉት። መሃሉን እንዳለ ተዉት፣ የውጩ ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ ቡናማ ፓስቴል ንኩ። ፔታሎቹን ከዚያ በኋላ ከስሩ ዙሪያውን አጣብቁ።