ሕክምናው አልቆ ጭንቀቱ ሲቀር ስልኩን እንዴት እንጠቀምበት?

እህቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ስትጨርስ ሁላችንም «ተመስገን» ብለን ወደ ጉዳያችን ተመለስን። እሷ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ «ካንሰሩ ተመልሶ ይሆን?» እያለች አንገቷን ትዳብሳለች፤ በሌላው እጇ ስልኳን ይዛ ጎግል ላይ የሚያስደነግጥ ነገር ትፈልጋለች።

እና ስልኩን ለሌላ ሥራ አዋልነው።

መጀመሪያ፣ አስር አፕ አታውርዱ። እኛ የጀመርነው ስልኩ ላይ ባለው ማስታወሻ ነው። ማታ ማታ ጭንቀቷን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ትጽፋለች፣ ከጎኑ ምክንያቱን። «7፣ አንገቴ።» «2፣ ልጆቹ አሳቁኝ።» የካንሰር ሐኪሞችም እንዲህ ያለ መለኪያ አላቸው፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰንበት ብለን ስናየው ቁጥሩ ከፍ የሚለው የቼክአፕ ቀጠሮ ሲቃረብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሳምንት እሷ ጋ የማድረው እኔ ነኝ።

ለእንቅልፍና ለትንፋሽ ልምምድ «ማይንድፉልነስ ኮች» እና «ኢንሶምኒያ ኮች» የሚባሉ ነጻ አፖች አሉ፣ ያሠራቸው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን የሚያክመው መሥሪያ ቤት ነው። ጥሩ ናቸው፣ ግን እንግሊዝኛ ነው፤ በሌሊት ፈርቶ ለነቃ ሰው እንግሊዝኛ ማን ይሰማል? ስለዚህ እኔው በድምፄ ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁላት፦ «4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አውጪ።» ከኋላ የጎረቤት ውሻ ይጮሃል። ድጋሚ ልቅዳው ብላት እምቢ አለች።

የመድኃኒት አላርም ሙሉ፣ ስሙን ግን ቀይሩት። የጡት ካንሰር እንዳይመለስ የሚሰጠው ታሞክሲፌን የሚባል መድኃኒት 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወሰድ ይችላል፣ በየቀኑ ያንን ስም ስክሪን ላይ ማየት ይሰለቻል። የእሷ አላርም «ቡና» ነው የሚለው።

ስለ በሽታችሁ ጠይቆ የስልክ ቁጥሮቻችሁንም ልይ የሚል አፕ ካጋጠማችሁ አጥፉት። «ካንሰርን በ7 ቀን» እያለ ቅጠል ከሚሸጥ የቴሌግራም ግሩፕም ውጡ።

ተስፋ መቁረጡ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ነገሩ ከስልክ በላይ ነው፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ምነው በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፤ ሰውየውን ብቻውን ሳትተዉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

ቁጥሮቹን ለሐኪም አሳዩ። እህቴ ድሮ «እንዴት ነሽ?» ስትባል «ደህና» ብላ ትወጣ ነበር። ባለፈው ግን ምንም ሳትናገር ስልኳን ሰጠችው። ሐኪሙ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው።