«ለምን የሒሳብ መምህር?» ሲሏችሁ ምን ትጽፋላችሁ?

ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ገብታችሁ ሒሳብ የምታጠኑ ከሆነ፣ ዛሬ ባይሆን ነገ «ለምን የሒሳብ መምህር መሆን ፈለጋችሁ?» መባላችሁ አይቀርም። አንድ ገጽ የሚሞላ መልስ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ይበጃል።

መጀመሪያ የሚሰረዙት፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሒሳብ እወዳለሁ»፣ «መምህር እንደ ሻማ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል»። ውሸት ሆነው አይደለም፤ ማንም ቢጽፋቸው ልክ ስለሚሆኑ ስለ እናንተ የሚሉት ነገር የለም። ደግሞም ሒሳብ መውደድ ብቻውን መምህር አያደርግም። መምህር የሚያደርገው ሌላው ሰው የቱ ጋ እንደሳተ፣ ለምን እንደሳተ ለማወቅ መጓጓት ነው። ጽሑፋችሁ ይህን ጉጉት ያሳይ።

ግማሽ ሰዓት ወስዳችሁ ሰው ያስረዳችሁባቸውን ጊዜያት ብቻ መዝግቡ፦ ታናሽ እህታችሁን፣ ክረምት ላይ ያስጠናችኋቸውን የሰፈር ልጆች፣ ፈተና ሲደርስ ማደሪያ ክፍል የመጣውን ጓደኛ። ከዚያ ስህተቱ እስከ ቁጥሩ ትዝ የሚላችሁን አንዱን ምረጡ።

አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ እንበል። «ተሳስቶ ነበር፣ አስተካከልኩለት» ብላችሁ ካለፋችሁ ምንም አልነገራችሁንም። ልጁ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል፤ ምክንያቱም 1/2 ለእሱ አንድ ቁጥር ሳይሆን ላይና ታች የተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ይህን ጻፉት። ቀጥሎ ያደረጋችሁትን፦ ግማሽ እንጀራ ትሪው ላይ ተቀመጠ፣ ሲሶ ተጨመረበት። 2/5 ማለት 0.4 ነው፣ ከግማሽ ያንሳል። ተጨምሮበት እንዴት አነሰ? ልጁ ዝም ብሎ ትሪውን የሚያይባት ጊዜ የጽሑፋችሁ እምብርት ናት፤ አትቸኩሉባት። እንጀራው ስድስት ቦታ ሲቆረጥ ግማሹ 3/6፣ ሲሶው 2/6፣ ድምሩ 5/6 ይሆናል፤ ትንሹ የጋራ ብዜት ለምን እንዳስፈለገም ያኔ ይገባዋል። ሕጉ ቀድሞ ቢነገረው ኖሮ ይሸመድደው ነበር እንጂ አይገባውም።

ለጎጃም ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ትምህርት በሚታወቁት በዋሸራም ሆነ በዲማ፣ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ስለደገመ ብቻ ባለሙያ አይባልም፤ ራሱ ቅኔ መቁጠር፣ ማለትም የራሱን ቅኔ መፍጠር አለበት።

ወደ ትምህርት ክፍሉ የገባችሁት በምደባ ከሆነ አትደብቁት። «ምርጫዬ አልነበረም» ብላችሁ፣ ሐሳባችሁን ያስቀየረውን ቀን ከተረካችሁ ከማንኛውም የሻማ ንግግር ይልቅ ይታመናል። ምንም ያላስቀየራችሁ ከሆነ ግን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ልጅ ለጥቂት ሳምንታት አስጠኑ፤ በባዶው የሚጻፍ ነገር አይገኝም።

የገጹን ግማሽ ለዚያ አንድ ገጠመኝ ስጡ። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ገና ለጎደላችሁ ይሁን፦ ብዙ ተማሪ ያለበት ክፍል መያዝ፣ ሰሌዳ አጠቃቀም፣ ፈጥኖ የሚጨርሰውን ልጅ ሥራ ማስያዝ። ውጤት መዘርዘር አያስፈልግም፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ። የቀድሞ መምህራችሁን ማንቋሸሽም ይቅር፤ አንባቢው እናንተም ነገ ባልደረባችሁን እንዲሁ እንደምታሙ ያስባል።

ሲያልቅ ስማችሁን ሸፍናችሁ ለሚያውቃችሁ ሰው አስነብቡ። የማን እንደሆነ ካልለየው፣ ልጁ ወዳለበት አንቀጽ ተመለሱና ደብተሩ ላይ የነበረውን ቁጥር እንዳለ አስገቡ።