ቀን ከማሳወጃችሁ በፊት፦ መታሰቢያ ቀንና የግንዛቤ ሳምንት ሲቋቋም የማያቸው ስህተቶች

«ጋሼ፣ አንድ የመታሰቢያ ቀን ልናስወስን ነውና ረቂቁን ይዩልን» እያሉ የሚመጡ ወጣቶች አይጠፉም። ደስ ይለኛል። ጎንደር ላይ በሕዝብ ግንኙነትና በፕሮቶኮል ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። ለከተማቸው የሚቆረቆሩ ልጆችን ሳይ ልቤ ይሞላል። ረቂቁን ስከፍት ግን ያው የማውቀው ስህተት ይጠብቀኛል። ስለዚህ አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ቀኑን ሳያሰሉ መጻፍ

ይህ የሁሉም አውራ ስለሆነ ብዙ እቆይበታለሁ።

ብዙ ሰው በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ፣ ዓመት በዓመት አንድ ይመስለዋል። የዓለም ኤድስ ቀን ዲሴምበር 1 ነው፤ ስለዚህ ኅዳር 22 ነው፤ አለቀ። አላለቀም። ጳጉሜን 6 ስትሆን ቀጣዩ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ከዚያ ቀን አንስቶ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይንሸራተታል። በ2012 ዓ.ም. ዲሴምበር 1 የዋለው ኅዳር 21 ነበር። በ2016ም እንዲሁ። በ2020ም እንደዚያው ነው የሚውለው። ማርች ሲገባ ነገሩ ይስተካከላል፤ ፈረንጆቹም በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ቀን ይጨምራሉና። ማርች 8 ሁልጊዜ የካቲት 29 ላይ የሚውለው ለዚህ ነው።

የቀን መቀየሪያ ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቁ፦ ዓመቱ ዘመነ ማን ነው? ዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ የሚገባው ዓመት ከሆነ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ያለውን ቀን ሁሉ ደግማችሁ አስሉ። ይህን ማንኛውም የደብር አገልጋይ ይነግራችኋል።

ለዚህ ይህን ያህል የምታገልበት ምክንያት ያለ አይመስላችሁ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት የጥሪ ደብዳቤው ላይ «ኅዳር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. (ዲሴምበር 1)» ብሎ ጽፎ በተነ። አጋር ድርጅቶቹ በቅንፍ ያለውን አይተው እሑድ መጡ። አዳራሹ ተቆልፏል፤ ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ተቀምጧል። «ኧረ ነገ ነው የተባልነው» አላቸው። ሰኞ ዕለት የቀበሌ ሰዎች፣ ተማሪዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጡ። ገንዘቡን የሰጡት እንግዶች ግን ተመልሰው ሄደዋል። ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነበር። በአራት ሰው እጅ አልፏል። አንዱም አላሰላም።

ጎንደር ደግሞ ከማንም በላይ ልትጠነቀቅ ይገባል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ንቅንቅ የለም። በፈረንጆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19፣ በዘመነ ዮሐንስ ጃንዋሪ 20 ነው። እንግዳ ስንጋብዝ «ጃንዋሪ 19» ብለን በደፈናው ካተምን፣ ያ ሰው ከተራን አይቶ ጥምቀትን ሳያይ ሊመለስ ይችላል።

የድሮ ታሪክ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉትም፤ እኛ ግን ጳጉሜን 6ን አልዘለልንም። ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ያኔ ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። የዛሬውን ልዩነት ይዞ ወደ ኋላ የሚያሰላ ሰው ሚያዝያ 5 ላይ ይወድቃል። የቋራውን ሰው በዚህ አገር ላይ በተሳሳተ ቀን ማሰብ በጣም ያሳፍራል።

ስሌቱ ልክ ሆኖም ቀኑ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ወጣቶች የጎንደርን ከፋሺስት ነፃ መውጣት በሚያዝያ 27 ለማሰብ ፕሮፖዛል ይዘው መጡ። ሚያዝያ 27 ትልቅ ቀን ነው፤ የአገር የድል በዓል ነው። ነገር ግን በ1933 ዓ.ም. በዚያን ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ቁልቋል በር የተያዘው ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ጄኔራል ናዚ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ነው። የጣሊያን የመጨረሻው ምሽግ እዚህ ነበር የወደቀው። ከአዲስ አበባ በኋላ ሰባት ወር ገደማ አባቶቻችን ሲዋጉ ቆይተዋል። ያንን ጊዜ በአገር አቀፉ ቀን ብንሸፍነው የራሳችንን ታሪክ ራሳችን እንደመሰረዝ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «ታዲያ ለምን አስተማሪዎቻችን አልነገሩንም?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ኅዳርን ማጨናነቅ

ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 ድረስ ያለውን የቢሮ ግድግዳ ካላንደር እዩት። በጾታዊ ጥቃት ላይ የሚካሄደው የ16 ቀን ዘመቻ ኅዳር 16 ይጀምራል። ኅዳር 22 ኤድስ፣ ኅዳር 24 አካል ጉዳተኞች፣ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ ኅዳር 30 ፀረ ሙስና፣ ታኅሣሥ 1 ሰብዓዊ መብት። ያው አዳራሽ፣ ያው ማይክ፣ ያው ሰልፈኛ ተማሪ። ገበሬው ደግሞ አዝመራ ላይ ነው። አሁንም በዚያ ሳምንት ሌላ ቀን ላስገባ የሚል ሰው ይመጣል!

ብዛቱ ራሱ ችግር ነው። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ለእገሌ ቀን፣ ለእገሌ ሳምንት እያለ ብዙ ጊዜውን ሲያባክን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዲህ ያለ የመታሰቢያ ሕግ እንዳይቀርብ በደንቡ ከልክሏል። እኛም ዘንድ የጳጉሜን ቀናት በየዓመቱ አዲስ ስም ሲወጣላቸው አይተናል። የአምናውን ስም ጎረቤታችሁን ጠይቁት፤ አያስታውሰውም።

የግንዛቤ ሳምንቱን ከወቅቱ ጋር አለማገናኘት

መታሰቢያ ቀንና የግንዛቤ ጊዜ ይለያያሉ። መታሰቢያ ቀን ወደ ኋላ ያያል፤ ቀኑን ታሪክ ይወስነዋል። የግንዛቤ ጊዜ ግን ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ ነው። ማድረግ በሚችልበት ሰዓት ካልደረሰው ከንቱ ነው።

የዓለም የወባ ቀን ኤፕሪል 25፣ ማለትም ሚያዝያ 17 ነው። ይከበር፤ ክፋት የለውም። በደንቢያና በጣና ዙሪያ ግን ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የአጎበር ሳምንት የሚያስፈልገው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። በሚያዝያ የተሰጠ ምክር እስከ መስከረም ይረሳል።

ካላዛርን ውሰዱ። ትኩረት የሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ቀን ጃንዋሪ 30 ነው፤ ጥር 22 አካባቢ ማለት ነው። በካላዛር የሚያዘው ማነው? ከደጋው ተነስቶ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። ሰኔ ላይ ጎንደር መናኸሪያ ሂዱና ቁሙ። ቁምጣ የለበሰ፣ የፕላስቲክ ጫማ ያደረገ፣ ትንሽ ፌስታል የያዘ ወጣት በአውቶቡሱ በር ላይ ይጋፋል። ፌስታሉ ውስጥ በሶና ቅያሪ ልብስ አለ፤ አጎበር የለም። ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ ዝንብ የምትነክሰው ደግሞ ሌሊት ነው። ለዚህ ልጅ በጥር አዳራሽ ውስጥ ፓወርፖይንት ማሳየት ምን ይጠቅመዋል? በጥር እኮ ተነክሶ ተመልሷል። የግንዛቤው ሳምንት ሰኔ ላይ፣ መናኸሪያው በር ላይ፣ በድምፅ ማጉያ መሆን አለበት። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ አሁንም እናገራለሁ።

ቀኑን ያለ ባለቤትና ያለ በጀት ማወጅ

የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ዓለም አቀፍ ዓመታት አንድ መመሪያ አውጥቷል። ለዝግጅቱና ለገንዘቡ መሠረታዊ ነገር ሳይሟላ ዓመት አይታወጅ ይላል። እነሱ እንኳ ያን ካሉ እኛ ምን እንሁን?

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጥር ላይ አስወስናችሁ መጋቢት ላይ ላክብር ካላችሁ፣ በበጀት የተያዘ ሳንቲም የለም። ያኔ ስፖንሰር ፍለጋ ፒያሳ ላይ ከሆቴል ሆቴል መዞር ይመጣል። ባለሆቴሉ በመጀመሪያው ዓመት ይሰጣል፤ በሁለተኛው «አለቃው የሉም» ይባላል። የውሳኔው ረቂቅ ላይ ቀኑን የሚመራው መምሪያ በስም ይጻፍ። «የሚመለከታቸው አካላት» የሚል ሐረግ ካየሁ ረቂቁን ሳላነብ እመልሰዋለሁ።

ሰው ራሱ ባለቤት ከሆነማ አዋጅም አያስፈልግም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ከጨረሰ ወዲህ ኅዳር 12 ሲመጣ ሰው ግቢውን ይጠርጋል፤ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው እያንዳንዱ ቤት በእጁ የሚሠራው ነገር ስላለው ነው። ረቂቃችሁ ላይ «በዕለቱ እያንዳንዱ ቤተሰብ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ጻፉና መልሱ። መልሱ «ንግግር ይሰማል» ብቻ ከሆነ ገና ናችሁ።

በተቃራኒው ጥቅምት 23ን አስቡ። በንጉሡ ዘመን የዘውድ በዓል ነበር። ደርግ መስከረም 2ን የአብዮት ቀን አደረገ። ኢሕአዴግ ግንቦት 20ን አመጣ። ቀኑ የገዢው ብቻ ሲሆን ከገዢው ጋር ይሄዳል። አድዋ ግን ሦስቱንም አልፎ እዚህ ደርሷል።

ሥልጣንን አለመለየት

የከተማ ምክር ቤት አንድ ቀን ታስቦ እንዲውል መወሰን ይችላል። ሥራ መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው። ሥራ የሚዘጋባቸውን የሕዝብ በዓላት የሚወስነው የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2016 ዓ.ም. አዲስ የበዓላት አዋጅ አጽድቋል፤ አግኝታችሁ አንብቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕዝብ በዓል ለሠራ ሰው የተለየ ክፍያ ያዛል። ስለዚህ በስብሰባ ሞቅታ «ያ ቀን ዝግ ይሁን» ማለት በሰው ኪስ መግባት ነው። የክልል ሕግ ከሆነ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ መውጣት አለበት። በፌስቡክ ገጽ ላይ የተለጠፈ ፎቶ ሕግ አይሆንም።

ትናንሽ የሚመስሉ

ስሙን አታርዝሙት። ሰው በአንድ ትንፋሽ ካልጠራው አይጠራውም።

ቅዳሜ ሰልፍ አትጥሩ፤ ገበያ ነው። ለጥምቀት ሳምንት ደግሞ ምንም አታስቡ፤ ከተማው ሌላ ነገር አይሰማም።

ጾሙን አትርሱ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ ቋሚ ያደረጋችሁት ቀን አንድ ዓመት ላይ መግጠሙ አይቀርም። የሻይ ቡናውን ሰዓት ያኔ አስተካክሉ።

ባነር ላይ «በዓለም አቀፍ ደረጃ ለዚህን ያህልኛ ጊዜ፣ በአገራችን ለዚህን ያህልኛ ጊዜ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የመጀመሪያው መቼ እንደነበር አረጋግጡ። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀንን ብትወስዱ፣ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው፤ በዓሉ መከበር የጀመረው ግን በ1999 ነው። ከጸደቀበት የሚቆጥር አለ፤ ከተከበረበት የሚቆጥር አለ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር የያዘ ባነር ትይዩ ተሰቅሎ አይቻለሁ።

መድረክ ላይ ግን ቀልድ የለም። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በፋሲል መዋኛ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎች ቆስለዋል። ሰው የሚወጣበት ማንኛውም ጊዜያዊ ነገር መሐንዲስ ሳያየው፣ ስንት ሰው እንደሚችል ሳይጻፍበት አይቁም። ይህንን በረቂቁ ውስጥ እንደ አንድ አንቀጽ አስገቡት። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይህ መሆኑን ስላየሁ ነው።

የመጨረሻው ሰነድ ነው። ቀኑ በተከበረ ማግስት ሁሉም ይበተናል። የውሳኔው ዋና ቅጂ፣ ቃለ ጉባኤውና የሒሳቡ ሪፖርት በአንድ ፋይል ሆነው መዝገብ ቤት ይግቡ። ኃላፊ ሲቀየር አዲሱ «ይህን ማን ወሰነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ወረቀቱን ማቅረብ የቻለ መሥሪያ ቤት ቀኑን ያስቀጥላል፤ ያልቻለው ፕሮፖዛሉን እንደገና ከዜሮ ይጽፋል።