ዳግም ጨረር የሚወስድ ጡት፦ የቆዳ እንክብካቤ

አንዴ ለካንሰር ሕክምና ጨረር የወሰደ የጡት ቆዳ ላይ ላዩን ቢድንም ከሥሩ እንደ ቀድሞው አይደለም። ጥቃቅን የደም ሥሮቹ ሳስተዋል፣ ከቆዳው ሥር ያለውም ሥጋ ጠጥሯል። በዳግም ጨረር ሲቆስል ቶሎ የማይጠገነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የፊተኛውን ሕክምና ማስረጃ ይያዙ፦ ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ በስንት ጊዜ፣ የቱ ቦታ ላይ፣ መቼ። 50 ግሬይ በ25 ጊዜ ወይም 40 ግሬይ በ15 ጊዜ የተለመዱ ናቸው። ሐኪሙ አዲሱን መጠን የሚወስነው ከዚህ ተነስቶ ነው። አንዱ አሠራር 45 ግሬይን በ30 ጊዜ ከፍሎ፣ 1.5 ግሬይ በቀን ሁለቴ፣ ዕጢው በነበረበት ክፍል ላይ ብቻ መስጠት ነው፤ በመሃል ጤናማው ሥጋ እንዲያገግም።

ቆዳው የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። የሚብሰው ግን ጨረሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 1 እና 2 ሳምንታት ስለሆነ፣ «አለቀ» ብለው እንክብካቤውን አያቁሙ። «ቆዳው ይቀላል» የሚለው ምክር ለእኛ አይበቃም፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ይልቁንም ይጠቁራል ወይም ሐምራዊ ይመስላል፣ ያብጣል፣ ይወጠራል። ጠዋት ጠዋት በመስኮት ብርሃን ይዩት፣ የእጅዎን ጀርባ በሁለቱም ጡቶች ላይ እያፈራረቁ ሙቀታቸውን ያነጻጽሩ። ጡቱን ቀና አድርገው ሥሩን በመስታወት ማየት አይርሱ፤ ቆዳ ከቆዳ የሚፋተግበት እጥፋትና ብብት ቀድመው ይላጣሉ።

ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና በእጅዎ ብቻ ይጠቡ፤ ሳይፈትጉ በፎጣ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ያድርቁ። ሽቦ ያለው ጡት መያዣ ይቅር። ንጹሕ፣ በእጥበት የለሰለሰ የነጠላ ቁራጭ አጥፈው ከጡት ሥር ቢያደርጉ መፋተጉን ያስቀራል። ቅቤና ቅጠላ ቅጠል አይቀቡ። ሐኪም ሞሜታሶን (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ የስቴሮይድ ቅባት) ካዘዘልዎ ስስ አድርገው፣ ባልተላጠ ቆዳ ላይ ብቻ ነው።

ተልጦ ውሃ ካዠ ቅባቱን ይተዉ። በ0.9% የጨው ውሃ ታጥቦ በማይጣበቅ የሲሊኮን መሸፈኛ ይሸፈን። ደረቅ ፋሻ ይጣበቅና ሲነሳ አዲሱን ቆዳ ይዞት ይመጣል፤ ከተጣበቀ በጨው ውሃ አርጥበው ያንሱት። ፕላስተር ጨረር ባረፈበት ቆዳ ላይ አይለጠፍ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፣ ከደማ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ቆዳው ሊጠጥር፣ ሊሳሳ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊያወጣ ይችላል። ለሳምንታት ያልዘጋ ቁስል ወይም አዲስ እብጠት ከታየ ግን የጨረር ሐኪሙ ይየው፤ ካንሰሩ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ለምርመራ ከቆዳው ናሙና ከመወሰዱ በፊትም እሱ ይማከር፤ ሁለቴ ጨረር የወሰደ ቆዳ ትንሿን የናሙና ቁስል እንኳ ለመዝጋት ይቸገራል።