ተማሪ ይዞ ባሕር ሲወረድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የማስተምረው ለቡ ነው፤ አዲስ አበባ ዳር። ከግቢያችን ወጣ ሲባል የፉሪ ተራራ ይታያል። የፉሪ-ለቡ ባቡር ጣቢያም ሩቅ አይደለም። ከዚያ የሚነሳው ሐዲድ አዋሽንና ድሬዳዋን አልፎ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። የባዮሎጂ ክበባችንን ልጆች ይዤ በዚሁ መስመር ሁለት ጊዜ ባሕር ወርጃለሁ። አብዛኞቹ ልጆች ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እኔም በመጀመሪያው ጉዞ እንደዚያው ነበርኩ።

ከሁለቱ ጉዞዎች በኋላ አንድ ነገር አምኛለሁ። ባሕሩ ዳር የሚያስቸግረን ነገር በአብዛኛው የሚጀምረው እዚሁ ለቡ፣ ሻንጣ ስንሸክፍ ነው። የደጋ ሰው ልማዳችንን እንዳለ ይዘን ቆላ እንወርዳለን። ተማሪ ይዛችሁ ለመውረድ የምታስቡ መምህራንና ወላጆች ካላችሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ባሕርን ትልቅ ሐይቅ አድርጎ ማሰብ

ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ነው የምንላት። ላንጋኖ ሄዶ የሚያውቅ ልጅ ባሕሩንም እንደ ላንጋኖ ይጠብቀዋል። ላንጋኖ ግን ጠዋት ልብሳችሁን ያስቀመጣችሁበት ዳር ከሰዓትም ዳር ነው። ባሕር ይሸሻል፣ ተመልሶ ይመጣል። በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። የሚስቡት ጨረቃና ፀሐይ ናቸው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል።

ይህን በሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬዋለሁ። የገባቸው ግን በሌላ መንገድ ነው። ከልጆቹ አንዱ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ያውቃል። በጣቱ ቆጥሮ በጉዟችን ሳምንት ጨረቃ ስንት ሌሊት እንደሚሆናት ነገረን። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ከሚያሳየው ሰንጠረዥ ጋር ስናስተያየው ገጠመ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ወደ ሰማይ የማያይ ልጅ አልነበረም።

የሰዓት ነገር

ይሄኛውን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ሰንጠረዡ ውኃው በ9:40 እንደሚጎድል ይላል። ለልጆቹ «ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ» አልኳቸው። ምሳ በልተን፣ ተረጋግተን ወረድን። ልናጠናው የመጣነው ድንጋያማ ዳርቻ የለም። ውኃው ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው እኔን ያዩኛል።

የሰንጠረዡ 9:40 የእኛ ጠዋት 3:40 ነበር። 6 ሰዓት ነው የዘገየነው። ባሕሩ ከጉድለት ወደ ሙላት ለመድረስ የሚፈጅበትም 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሰዓት ያምታታ የሐበሻ ቡድን የሚደርሰው ልክ ባሕሩ በሞላበት ሰዓት ላይ ነው። ወላጆች ከወር ወጪያቸው ቀንሰው የከፈሉበት አንድ ሙሉ ቀን ባከነ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የተገላቢጦሹ ስህተት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ውኃው ሊመለስ ሲል ልጆችን ራቅ ወዳለ ድንጋይ መላክም ይመጣል።

አሁን ሰንጠረዡን ለቡ ሳለን በእጃችን እንገለብጠዋለን። ሁለት ዓምድ አለው፦ «በእኛ ሰዓት» እና «በእነሱ ሰዓት»። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር እንጽፋለን። ጀልባ የሚያከራየን ሰው ሰዓት ሲነግረን «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ልጅ ተመድቧል።

ልምምዱን እዚያ መጀመር

ባሕሩ ዳር ያላችሁ ጊዜ አጭር ነው። ውኃው ከጎደለ በኋላ ተረጋግታችሁ የምትሠሩበት ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ያንን ጊዜ ሲባጎ በመፍታት አትጨርሱት። በሁለተኛው ጉዞ ከመሄዳችን በፊት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጨፌ ላይ ለሦስት ቅዳሜ ተለማመድን። 4 ችካል፣ ሲባጎ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር። በካሬው ውስጥ ያለውን ሣርና ነፍሳት በዓይነት በዓይነት ይቆጥራሉ። በእርሳስ ነው የሚጽፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውኃ ሲነካው ይጠፋል። አንዲት የሰፈር እማማ ጎንበስ ብለን ሲያዩን «ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?» ብለው አብረውን መፈለግ ጀመሩ። ስናስረዳቸው ቁጭ ብለው የሣሮቹን ስም ነገሩን። ግማሹን እኔም አላውቀውም ነበር።

የጨውንም ነገር እዚሁ ማሳየት ይቻላል። 1 ሊትር ውኃ ላይ 35 ግራም ጨው ጨምሩ፤ የባሕር ውኃ ጨው በዚህ ገደማ ነው። እንቁላል ክተቱበት፤ ይሰምጣል። ጨውን ወደ 300 ግራም አሳድጉት፤ ይንሳፈፋል። ያ ደግሞ ጅቡቲ ውስጥ ወዳለው ወደ አሳል ሐይቅ ይጠጋል። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በአፍሪካ ከዚያ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ጨውነቱም የባሕርን 10 እጥፍ ያህላል። እንቁላሉን ያዩ ልጆች አሳል ዳር ሲደርሱ የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላ ነው።

ጫማ

ወላጅ ለጉዞ ብሎ አዲስ ስኒከር ይገዛል። ስኒከር ውኃ ይጠጣል፣ አሸዋ ይይዛል፣ ሁለት ቀን አይደርቅም። ነጠላ ጫማ ደግሞ ጭቃው ይነጥቀዋል። የሚሻለው እግርን ሸፍኖ የሚይዝ፣ ወፍራም ሶል ያለው ኮንጎ ጫማ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ያፍሩበታል። እኔ ራሴ አድርጌው ስወርድ ዝም አሉ።

በባዶ እግር ግን በጭራሽ። ድንጋዩ መካከል የባሕር ጃርት አለ፤ እሾሁ ቆዳ ውስጥ ይሰበራል። ቁርጥ ድንጋይ መስሎ የሚተኛ፣ ጀርባው ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ዓሣም አለ። እሱ የወጋው ሰው ሕመሙን አይችለውም። የመጀመሪያ እርዳታው ሙቅ ውኃ ነው፤ እስከ 45 ዲግሪ የሚሞቅ፣ የማያቃጥል። ሌላ ሰው በእጁ ይሞክረው፤ ከዚያ የተወጋውን እግር ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር፣ ቀጥሎም ወደ ሕክምና። ለዚህ ብዬ ሙቅ ውኃ በፔርሙስ ይዤ ነው የምወርደው። እስካሁን አላስፈለገንም፤ ግን አይቀርም ከሻንጣዬ።

ኮራልን መርገጥ፣ ዛጎል መልቀም

ኮራል ለማያውቀው ድንጋይ ነው። ልጁ ውኃው ውስጥ ሲደክመው ቆሞበት ያርፋል። የቆመው ግን እንስሳ ላይ ነው፤ ጥቃቅን እንስሳት ተሰብስበው የሠሩት ቤት ላይ። ድፍን ድፍን ያለው የኮራል ዓይነት በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ጭንቅላት የሚያክለው ከልጁ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል። ለታላቅ መነሳት የለመዱ ልጆች ናቸውና ይገባቸዋል።

ዛጎልም እንዲሁ። እናት «ለቤት ማስታወሻ አምጣልኝ» ብላ ትልካለች። ባዶ የሚመስለው ዛጎል ውስጥ ሸርጣን ሊኖር ይችላል፤ ባይኖርም ነገ ቤት አድርጎት የሚገባበት ሸርጣን አለ። ሾጠጥ ያለ፣ የሚያምር ቅርፊት ያላቸው አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ መርዛማ ናቸው፤ ሰው የገደሉም አሉ። በእጅ አይነኩም። ኮራል ይዞ ድንበር ማለፍም ፈቃድ ይጠይቃል። የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው፣ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ኢትዮጵያም ጅቡቲም አሉበት። እኛ ፎቶ ይዘን ነው የምንመለሰው። ወደብና የጦር ሠፈር ግን ፎቶ አታንሱ። ጅቡቲ ውስጥ የብዙ አገሮች ጦር አለ፤ ለሰልፊ የወጣ ስልክ ጣጣ ያመጣል።

ማንግሮቩን ዘሎ ማለፍ

ሁሉም ሰው ወደ ኮራሉ ይሮጣል። ማንግሮቭ ባሕር ዳር፣ ጨዋማ ውኃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። እሱ ያለበት ዳርቻ ጭቃ ነው፣ ይሸታል፣ ትንኝ አለው። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ እኛም አለፍነው። በሁለተኛው ግማሽ ቀን ሰጠነው፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚያወሩት እሱን ነው።

ጭቃው ላይ በመቶ የሚቆጠር ጣት የሚያክል ነገር ወደ ላይ ቆሟል። ችካል ይመስላል። ሥር ነው። ጭቃው ውስጥ አየር ስለሌለ ሥሩ ወደ ላይ ወጥቶ ይተነፍሳል። አንዲት ተማሪዬ ጎንበስ ብላ ቅጠል ያዘች። ከቅጠሉ ጀርባ ደቃቅ ነጭ ነገር ተበትኗል፤ አቧራ መሰላት። በጣቷ ጠረገችው፣ አየችው፣ ምላሷ ላይ አደረገችው። «ቲቸር፣ ጨው!» ብላ ጮኸች። ሁሉም መጥቶ ቀመሰ። ዛፉ የባሕር ውኃ ይጠጣል፤ የተረፈውን ጨው በቅጠሉ ያወጣዋል። ይህን በመጽሐፍ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። እኔም የቀመስኩት ያን ቀን ነው።

ውኃን በጥማት መለካት

ለቡ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ነው። የደጋ ልጅ በቀን ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ይውላል። እዚያ አይሆንም። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ ቶሎ አይተንም፤ ሰውነት አይቀዘቅዝም። «አልጠማኝም» የሚል ልጅ ራስ ምታቱ ሲጀምረው ነው የሚነቃው። እኛ በየግማሽ ሰዓቱ ፉጨት እናሰማለን፤ ሁሉም ይጠጣል። ኦአርኤስ፣ ማለትም በውኃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት፣ በብዛት እንይዛለን። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ቀለል ይላል፤ በበጋቸው ግን፣ እኛ ጋ ክረምት ሲሆን፣ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ተማሪ ይዞ መውረድ አያስፈልግም።

ጥሩው ወቅት ግን የነቢያት ጾም ላይ ይወድቃል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾም ልጅ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይወድቃል። ይህን ከወላጅ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ ወላጅ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። እዚያ ደርሶ ከልጁ ጋር መከራከር ግን ልክ አይደለም። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ መያዝ ብዙ ችግር ያቀላል። ሙስሊም ተማሪዎቻችን በምግብ ተቸግረው አያውቁም።

ዋና እችላለሁ ማለት

የሆቴል ገንዳ ውስጥ የዋኘ ልጅ ባሕር ይችላል ማለት አይደለም። ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ አይሳፈርም፤ መምህሩም ጭምር። ውኃ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚገቡት። ውኃው ወደ ውስጥ ከወሰዳችሁ አትታገሉት፤ ተንሳፈፉ፣ እጅ አውጡ፣ ወደ ጎን ዋኙ። ቲሸርት ለብሶ መግባት ጀርባን ከቃጠሎ ያድናል።

ወረቀት

ፓስፖርትና የወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ከወራት በፊት ይጀመር። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚሠራው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የባቡሩንም መርሐ ግብር ከመነሳታችሁ በፊት ጣቢያው ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ሲመለሱ ትኩሳቱን ምች ነው ማለት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ከፍታው ስለሚከላከልልን ወባን ረስተናታል። ልጆቻችንም ወባ አይተው አያውቁምና ሰውነታቸው አይቋቋማትም። ጅቡቲ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. የታየችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ደግሞ ከተማ ትወዳለች፤ በሮቶና በበርሜል ውኃ ውስጥ ትራባለች። በኋላም ወደ እኛ አገር ገብታ ድሬዳዋ ደርሳለች። ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። አጎበር ያዙ። ማታ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ከመጀመሪያው ጉዞ በተመለስን በ12ኛው ቀን አንድ ተማሪ ቀረ። ስደውል እናቱ «ምች መትቶት ነው፣ ዳማከሴ አሽቼዋለሁ» አሉኝ። አይፈረድባቸውም፤ ቤታቸው ለቡ ነው፣ ወባ ከየት ይመጣል? ደም ሲመረመር ግን ወባ ነበር። በጊዜ ስለተደረሰበት ዳነ። አሁን ከባቡር ስንወርድ፣ እዚያው ጣቢያው ላይ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ አንዲት ወረቀት እሰጣለሁ። የተመለስንበት ቀን ተጽፎባታል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ክሊኒክ ይውሰዱት፤ ጅቡቲ እንደነበረ ይንገሩ፤ የወባ ምርመራ ይጠይቁ።