ከመግዛታችሁ በፊት ገብታችሁ ተኙበት፦ ለቤተሰብ የሚሆን ትንሽ ትሬይለር አመራረጥ

ትሬይለር፣ ማለት በመኪና እየተጎተተ የሚሄድ የካምፕ ቤት፣ ሊገዛ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሰው ያስተኛል?" ብሎ ነው። እኔም እንደዛው ነበር የጠየቅኩት። ሻጩ "ስድስት" አለኝ። ከስድስቱ ሁለቱ የሚተኙት ግን የምግብ ጠረጴዛው ወርዶ፣ የሶፋው ትራሶች ተገጣጥመው በሚሠራ አልጋ ላይ ነው። እዛ የተኛው ሰው እስኪነሳ ቁርስ የለም። እራት በልቶ ሳህን ያነሳ ሰው ደግሞ ወዲያው አልጋ ማንጠፍ ይጀምራል። ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ደክሞት ሲገባ፣ ምንም ሳይገጣጠም ተነጥፎ የሚጠብቅ ስንት አልጋ አለው? ለእኔ የምርጫው መነሻ ይሄ ነው።

የምንኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። አራት ነን፤ እማዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አምስት እንሆናለን። አሁን ያለን ሁለተኛ ትሬይለራችን ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ሰመር ሳንሞላበት ሸጥነው፤ መጥፎ ዕቃ ሆኖ ሳይሆን ለኛ መኪናም ለኛ ቤተሰብም የሚሆን ስላልነበረ ነው። የዛን ጊዜ ሰው ቢነግረኝ የምወደውን ነገር ነው አሁን የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ መኪናችሁን እዩ

የትሬይለሩን ውስጥ ከማየታችሁ በፊት የመኪናችሁን የሾፌር በር ክፈቱ። በሩ የሚገጥምበት ምሰሶ ላይ ቢጫ ያለበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ በላይ እንዳይጫን የሚል ቁጥር አለው። የኛው 1,350 ፓውንድ ይላል። ብዙ ሰው "መኪናዬ 5,000 ይጎትታል" የሚለውን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ግን ቀድሞ የሚያልቀው ይሄኛው ነው። ምክንያቱም ትሬይለሩ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን መኪናችሁ ላይ በሂቹ፣ ማለት ትሬይለሩ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ብረት፣ በኩል ያሳርፋል፤ ማሳረፍም አለበት። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ በፍጥነት መንገድ ላይ ከኋላ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ እሱ ደግሞ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ የሚችል ነገር ነው።

የኛን ሂሳብ ላሳያችሁ። አምስታችን ስንደመር 620 ፓውንድ ገደማ ነን። ከኋላ የሚጫነው ኩለር፣ ወንበርና የልጆች ዕቃ 150። ከ1,350 ላይ 580 ቀረ። 3,800 ፓውንድ የሚመዝን ትሬይለር በ13 በመቶ ስናሰላው 494 ያሳርፍብናል። የቀረው 86 ነው፣ የሂቹ ብረት ራሱ ሲጨመርበት ደግሞ ምንም አይተርፍም። 5,000 ይጎትታል የተባለው መኪና በ3,800 ሞላ ማለት ነው!

የመጀመሪያውን ስንገዛ ይሄን ማንም አልነገረንም። "መኪናችሁ በደንብ ይጎትተዋል" ተባልን፣ ፈረምን። በዛው ሰመር ወደ ተራራው ስንወጣ የመኪናው ኋላ ተቀምጦ፣ የፊቱ መብራት ወደ ሰማይ እያበራ ነበር።

ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈውን "ድራይ ዌይት" ነው። ያ ባዶው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው እንኳን አይቆጠርበትም። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ስለሚመዝን 30 ጋሎን ስትሞሉ 250 ፓውንድ ጨመራችሁ። ሁለት የተሞሉ የጋዝ ሲሊንደሮች 75 ገደማ። ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ምግብ፣ የልጆች ሳይክል ሲጨመር 3,000 የተባለው ቤት በቀላሉ 3,800 ይገባል። ማየት ያለባችሁ ጂቪደብሊውአር የሚባለውን ነው፤ ተጭኖ እስከ መጨረሻው ሊደርስ የሚፈቀድለት ክብደት ማለት ነው። ትሬይለሩ ላይ ራሱ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ።

እንደኛ ተራራ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ ሰፋ አድርጋችሁ አስቡ። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ከዴንቨር በአይ-70 ወደ ምዕራብ ስትሄዱ የምታገኙት የአይዘንሃወር ዋሻ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው። እዛ ስትደርሱ የሞተራችሁ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው የለም ማለት ነው። እኔ አሁን የምከተለው ልክ የትሬይለሩ ጂቪደብሊውአር ከመኪናው የመጎተት አቅም 80 በመቶ እንዳያልፍ ነው።

እንደ ሲየና ወይም ኦዲሲ ያለ ሚኒቫን ለምትነዱ፣ ብዙዎቻችን ደግሞ እነዚህን ነው የምንነዳው፣ የመጎተት አቅማችሁ 3,500 ፓውንድ ነው። ለናንተ ከሚሆኑት ውስጥ ልቤ የሚያደላው ቅርፊታቸው ከፋይበርግላስ ወደተሠራው ትሬይለሮች ነው። ስካምፕ የሚባለው ሚኒሶታ ውስጥ ባከስ በምትባል ትንሽ ከተማ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየተሠራ ያለ ነው። እንደ እንቁላል ቅርፊት ከላይና ከታች ሁለት ቁራጭ ሆኖ ወገቡ ላይ ይገጣጠማል፣ ስለዚህ ውሃ የሚገባበት ስፌት ትንሽ ነው። ባለ 13 ጫማው ላይ ግን መምረጥ አለባችሁ፤ ፊት ለፊት ወይ ተደራራቢ አልጋ ወይ መታጠቢያ ነው የሚገባው። ልጆች ካሏችሁ አልጋውን ውሰዱ። መታጠቢያ ካምፕ ግራውንዱ ውስጥ አይጠፋም።

አልጋው የት ነው ያለው?

ክብደቱ ካለቀላችሁ አሁን ግቡ። ለልጆች ቋሚ ተደራራቢ አልጋ ያላቸውን ሞዴሎች ከስማቸው ትለያላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከቁጥሩ ቀጥሎ "ቢኤች" የሚል አለው። የተለመደው አቀማመጥ የወላጅ አልጋ ፊት፣ የልጆቹ አልጋና መታጠቢያው ኋላ፣ ኩሽናና ጠረጴዛው መሃል ነው። እኔ ይሄን እወደዋለሁ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ መጋረጃ ስበን፣ ጠረጴዛው ላይ ሻይ ይዘን የምንቀመጥበት ቦታ ይተርፈናል።

የወላጅ አልጋው ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በትንንሾቹ ላይ አልጋው ከግድግዳ ግድግዳ በአግድም ይገባል፣ የሚወረደው በአንድ በኩል ብቻ ነው። በስተውስጥ የተኛው ሰው ሌሊት ለመነሳት ሌላውን መዝለል አለበት። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ይሄ ለሷ የማይሆን ነገር ነበር። አሁን ያለን ለሁለት ጎኑ ጠባብ መተላለፊያ ያለው ነው፣ ለዛ ብለን ከኩሽናው ቦታ ቀንሰናል። እሷ ስትመጣ የኛን አልጋ እንሰጣትና እኛ ጠረጴዛው ላይ እናነጥፋለን። በዓመት ለጥቂት ሌሊት ሲሆን ማፍረስና መገጣጠም ይቻላል፤ ሁልጊዜ ሲሆን ነው የሚያስመርረው። ቀን ሶፋ፣ ማታ ከግድግዳ የሚወርድ መርፊ አልጋ ያላቸውም አሉ። ቦታ ይቆጥባሉ፣ ግን ቀን ላይ ለሚተኛ ሕፃን አይመቹም።

የልጆቹን አልጋ ቁጭ ብላችሁ ሳይሆን ተኝታችሁ ሞክሩት። ስፋቱ ብዙ ጊዜ 28 ኢንች አካባቢ ነው። ስንት ፓውንድ እንደሚችል የሚናገር ጽሑፍ ጎኑ ላይ ፈልጉ፣ ልጅ ያድጋላ። ለእያንዳንዱ የራሱ መብራትና የሚከፈት መስኮት ካለው እሰየው፤ የላይኛው አልጋ ላይ ሙቀቱ ይከማቻል፣ መስኮት የሌለው ከሆነ ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚነሳው።

ግድግዳው የሚንሸራተተው ስላይድ የሚባለው ነገር ቤቱን በእውነት ያሰፋዋል፤ አልክድም። ግን ብዙ ፓውንድ ይጨምራል፣ ዙሪያውን ያለው ጎማ ሲያረጅ ደግሞ ውሃ ያስገባል። የግድ ከፈለጋችሁ አንድ ነገር አድርጉ፤ ስላይዱ ተዘግቶ እያለ ግቡበት። ፍሪጁ ጋ ይደረሳል? ሽንት ቤቱ ጋስ? የመጀመሪያው ትሬይለራችን ሲዘጋ ሶፋው ከፍሪጁ ጋር ይገጥም ነበር። መንገድ ላይ ልጅ ወተት ሲለምን ነዳጅ ማደያ ቆሞ ግድግዳ መግፋት ምን እንደሚመስል አስቡት።

በሁለት ጫፍ አልጋው ወደ ውጭ ተስቦ በሸራ የሚሸፈነው ትሬይለርስ? ቀላል ነው፣ ሰፊ ነው፣ ለሞቃት አገር ጥሩ ነው። እኛ ግን ወደ የሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ ስለምንሄድ ተውነው። እዛ ፊሺንግ ብሪጅ የሚባለው ካምፕ በድብ ምክንያት ግድግዳው ጠንካራ ያልሆነ ነገር አያስገባም።

መታጠቢያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሻወሩና ሽንት ቤቱ አንድ ላይ ያሉበት ነው፤ ሲታጠቡ ሁሉም ይረጥባል። ሌላው የተለያየ ነው። አንድ ላይ ያለው ቦታ ይቆጥባል። የትኛውም ይሁን፣ ሽንት ቤቱ ላይ ተቀመጡና በሩን ዝጉት። ጉልበታችሁ በሩን ከነካ አይሆንም።

የኛ ምግብ

በዛች ጠባብ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ማቁላላት አይታሰብም፣ ሽታው ፍራሹ ውስጥ ገብቶ ይከርማል። እኔ ቁሌቱን ቤት ሠርቼ አቀዘቅዘውና ይዤው እሄዳለሁ፤ እዛ ማሞቅና ሥጋውን መጨመር ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከውስጡ ምድጃ ይልቅ ውጭ ምድጃ የሚያስቀምጡበት ቦታና ከጣሪያው ጠንካራ ማራገቢያ መኖሩን ነው የማየው። ኤሌክትሪክ ምጣድ ይዤ እሄዳለሁ የምትሉ ካላችሁ፣ አብዛኛው ትንሽ ትሬይለር 30 አምፕ ነው፣ በድምሩ 3,600 ዋት። ምጣዱ 1,500 አካባቢ ይስባል፣ ኤሲው እንደዛው፣ ውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሠራ እሱም ተመሳሳይ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ስታበሩ ብሬከሩ ይጥላል። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ያሉት ካምፖች ደግሞ አብዛኞቹ ጭራሽ መብራት የላቸውም።

ቡናው ውጭ ይፈላ። ለጭሱ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ከሰል መለኮስ ይገድላል። አልጋው አጠገብ ያለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዳትነቅሉት፣ እሱም ጊዜው ያልፍበታል፣ ጀርባው ላይ ያለውን ቀን እዩ።

ዝናብ የሚዘንብበትን ቀን አስቡ

ሐምሌ ላይ ሮኪ ተራሮች ከሰዓት በኋላ ዝናብ አያጣቸውም። አንድ ቀን ከ8 ሰዓት እስከ ማታ አምስታችንም ውስጥ ነበርን። እማዬ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ትልቁ ልጅ የላይኛው አልጋ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ያነባል፣ ትንሿ መሬት ላይ ካርታ ዘርግታለች፣ ባለቤቴ ደግሞ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጎ ቆሟል። እሱ እንዲያልፍ ማን መነሳት አለበት? የምትገዙትን ስታዩ ይሄን ጥያቄ ጠይቁ። መላ ቤተሰቡን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁሉም የየራሱን ቦታ ይያዝ፣ በሩን ዝጉና ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ሻጩ ቢቸኩል አትስሙት።

ያገለገለ ከሆነ የምታዩት ደግሞ ፍራሹን አንስታችሁ ነው። ከልጆቹ አልጋ ሥር ያለውን ጥግ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። እንጨቱ እንደ ብስኩት ከገባ ውሃ በልቶታል፣ ዋጋው ምንም ቢቀንስ ጥላችሁት ሂዱ። ከውጭ በኩል ግድግዳውን በጎን በብርሃን እዩት፤ እንደ አረፋ ያበጠ ቦታ ካለ ውስጡ ተላቋል። ጎማው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ከሆነ በ2019 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ከስድስት ዓመት በላይ ከሆነ የጎማውን ዋጋ ቀንሳችሁ ተደራደሩ።

ከቻላችሁ ያሰባችሁትን ዓይነት አቀማመጥ ያለው ለሁለት ሌሊት ተከራዩ፤ አውትዶርሲ ወይም አርቪሼር ላይ ሰዎች የራሳቸውን ያከራያሉ። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ለመጀመሪያው ጉዞ ሁሉንም ጭናችሁ፣ ቤተሰቡን አስቀምጣችሁ፣ የጭነት መኪና ማቆሚያ ጋ ያለው ካት ስኬል የሚባለው የመኪና ሚዛን ላይ ውጡ። ትራክ የሚነዳ ዘመድ የሌለው ሐበሻ እዚህ አገር ብዙም የለም፤ አንዱን ይዛችሁት ሂዱ፣ የትኛው አክስል (የጎማዎቹ ዘንግ) የትኛው ሚዛን ላይ እንደሚቆም ያሳያችኋል። የመኪናው የፊት ጎማ፣ የኋላው ጎማና የትሬይለሩ ለየብቻ ተጽፎ ይሰጣችኋል። የመኪናውን ቁጥሮች በሩ ምሰሶ ላይ ለፊትና ለኋላ አክስል ከተጻፈው የክብደት ልክ ጋር አስተያዩት። ካለፈ ውሃውን አፍስሱና እንደገና ተመዘኑ፣ ካምፑ ስትደርሱ ትሞሉታላችሁ።